የባለሙያ ምላሽ፦ ሻንት (የአንጎልን ውሃ ወደ ሆድ የሚያወርድ ቱቦ) የተተከለለት ሕፃን ማገገምና ቀጠሮ የማይጠብቁ ምልክቶች

ጥያቄ፦ «የ10 ሳምንት ወንድ ልጅ አለኝ፤ የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ሲወለድ ጭንቅላቱ ትልቅ ስለነበር ሲቲ ስካን ተነሥቶ፣ የአንጎሉ ውሃ መተላለፊያ ከማሕፀን ጀምሮ ጠባብ ነው፤ ጀርባው ግን ደህና ነው ተባልን። 4 ሳምንት ሲሞላው ከጭንቅላቱ ወደ ሆዱ የሚወርድ ቱቦ ተተከለለት። ከቀዶ ሕክምናው 6 ሳምንት ቢያልፍም ጭንቅላቱ አላነሰም፤ አንገቱንም አልያዘም። ቱቦው መቼ ይወጣለታል? አንዲት ጎረቤቴ የእህቷ ልጅ ያለ ቱቦ፣ በመሣሪያ ብቻ እንደዳነ ነገረችኝ፤ ለእኔ ልጅ ለምን እንደዚያ አልተደረገም? ፎሊክ አሲድ መውሰድ የጀመርኩት በ4ኛ ወሬ ስለነበር ጥፋቱ የእኔ ነው የሚሉኝም አሉ። እናቴ ያለችው ደብረ ብርሃን ነው፤ በ40 ቀኑ ያላስነሣነውን ክርስትና እዚያ ወስደን እንድናስነሣውና እርግብግቢቱን ቅቤ እንድቀባው ትፈልጋለች። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እርግብግቢቱ ጎድጎድ ብሎ ያሳስበኝ ነበር፤ ካለፈው ሳምንት ወዲህ ግን ሞላ ስላለ ደስ ብሎኛል። እንቅልፍ ብቻ አብዝቷል፤ ጡት ይዞ ያንቀላፋል፤ ሁለት ጊዜም አስመልሶታል። ቀጠሮው ከ3 ሳምንት በኋላ ነው።»

ምላሽ፦ መልሱ የሚጀምረው ከጥያቄው መጨረሻ ነው። እርስዎን ያስደሰተዎት የእርግብግቢቱ መሙላት እኔን የሚያሳስበኝ ነገር ነውና፣ ይህን አንብበው ሳይጨርሱ ልጁን ይዘው ቀዶ ሕክምናው ወደተሠራበት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የ3 ሳምንቱን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ነገ ጠዋትም አይበሉ።

እርግብግቢት የራስ ቅል አጥንቶች ገና ያልተገናኙበት ስስ ቦታ በመሆኑ፣ በውስጥ ያለው ግፊት በእጅ ተዳስሶ የሚታወቅበት መስኮት ነው። ቱቦው ውሃውን በሚገባ ሲያወርድ እርግብግቢቱ ይለሰልሳል፣ ትንሽም ጎድጎድ ይላል፤ ልጁ ቀና ተደርጎ ሲያዝ ጉድጓዱ ይበልጥ ይታያል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያሳሰበዎት መጎድጎድ እንግዲህ ቱቦው እየሠራ መሆኑን ይነግርዎት ነበር። ጎድጎድ ብሎ የከረመ እርግብግቢት ተመልሶ ሲሞላ፣ በዚያ ላይ ልጁ እንቅልፍ ሲያበዛ፣ ጡት ይዞ ሲያንቀላፋና ሲያስመልሰው፣ ከሁሉ በፊት የሚጠረጠረው የቱቦው መደፈን ነው። ማንኛውም ሕፃን ሲያለቅስ ወይም በጀርባው ሲተኛ እርግብግቢቱ ሞላ ስለሚል፣ የሚታመነው ልጁ ጸጥ ባለበት ሰዓት ቀና አድርጎ ይዞ መዳሰስ ነው። እንዲህ ተዳስሶ ጠንከር ካለ፣ ወይም ዓይኖቹ ወደ ታች ተስበው ነጩ ከላይ ከታየ፣ ወይም የራሱ ቆዳ ላይ ያሉት ደም ሥሮች ከወትሮው ጎልተው ከወጡ፣ ጉዳዩ በሰዓታት የሚቆጠር ነው። ልጁ አልነቃ ካለ ወይም ካንቀጠቀጠው ታክሲ ሲፈልጉ አይቆዩ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ አምቡላንሱ ከዘገየ ግን ያገኙትን መኪና ይጠቀሙ።

ሆስፒታል ሲደርሱ ገና ካርድ ክፍል ላይ «ልጁ ሻንት አለው፤ እርግብግቢቱ ሞልቷል፤ እንቅልፍ አብዝቷል» ብለው ይናገሩ። እነዚህ ቃላት ተራዎን ያስቀድሙልዎታል። የመጀመሪያውን ሲቲ ስካን ፊልምና ከሆስፒታል ሲወጡ የተሰጠዎትን ወረቀት ይዘው ይሂዱ፤ የሐኪሙ ትልቁ ጥያቄ የውሃው ክፍተቶች ካለፈው ጊዜ ሰፍተዋል ወይ የሚል ስለሆነ፣ የቀድሞው ፊልም ከሌለ የአሁኑ ብቻውን ብዙ አይናገርም። እርግብግቢቱ ክፍት በመሆኑ በአልትራሳውንድም ማየት ይቻላል። ምርመራው ቱቦው ደህና መሆኑን፣ ማስመለሱም ከሌላ ቀላል ነገር መምጣቱን ካሳየ በሰላም ወደ ቤትዎ ይመለሳሉ፤ ለዚህ የወጣ ታክሲና የጠፋ ሌሊት የሚያስቆጭ አይደለም። በክትትል ክፍላችን አዘውትሮ የሚያሳዝነኝ ምልክቱን ከሁሉ ቀድማ ያየች እናት፣ «ቀጠሮዬ ገና ነው» ብላ ተቀምጣ ከቆየች በኋላ መምጣቷ ነው። ካርድ ላይ የተጻፈው ቀን የተቆረጠው ልጁ ደህና ሆኖ ይሰነብታል በሚል ግምት ነው፤ ልጁ ደህና ካልሆነ ቀጠሮው በዚያው ቀን ያበቃል።

አሁን ወደ ሌሎቹ ጥያቄዎች። ቱቦው መቼ ይወጣል ለሚለው መልሱ አይወጣም የሚል ነው፤ ይህን ከቀዶ ሕክምናው በፊት በግልጽ ሊነገርዎት ይገባ ነበር። አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን የሚያጥበው ውሃ ያለማቋረጥ ይመረታል፤ በአዋቂ ሰው በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ይመነጫል፣ ያንኑ ያህልም ወደ ደም ተመልሶ ይገባል። የልጅዎ ችግር የአንጎልን ሦስተኛና አራተኛ ክፍተቶች የሚያገናኘው ቀጭን መተላለፊያ መጥበቡ ነው። ውሃው መመረቱን ስለማይተው ከጥበቱ በላይ ይጠራቀማል፣ ክፍተቶቹን ይለጥጣል፣ የሕፃኑ ራስ ቅል ገና ለስላሳ በመሆኑም ጭንቅላቱን ያሳድገዋል። ቱቦው ጥበቱን አያድነውም፤ ውሃው ሌላ መንገድ ይዞ ወደ ሆድ ዕቃ እንዲወርድና እዚያ እንዲመጠጥ ያደርጋል። ሐኪሞች ልጁ ሲያድግ ቱቦው እንዳያጥር ከሆድ ውስጥ ትርፍ ርዝመት ይተዋሉ። ስለዚህ «ማገገም» የሚለው ቃል በዚህ ሕመም ሁለት ትርጉም አለው። የቁስሉ ማገገም በ2 ሳምንት ገደማ የሚያልቅ ነው፤ ከቱቦው ጋር መኖር ግን ዕድሜ ልክ ነው፤ ንቃት ይጠይቃል፤ በመጀመሪያው ዓመት ደግሞ ከሁሉም ጊዜ ይበልጥ። ሻንት ከተተከለላቸው 10 ሕፃናት ከ3 እስከ 4 የሚሆኑት በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ በመደፈን፣ ከቦታው በመንቀሳቀስ ወይም በኢንፌክሽን ምክንያት ዳግመኛ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል። ይህን የምነግርዎት ላስፈራራዎ አይደለም፤ ቱቦው ቢደፈን የእርስዎ ቸልተኝነት ወይም የሐኪሙ ስሕተት ነው ብለው እንዳይደመድሙና በጊዜ ከተደረሰበት የሚስተካከል መሆኑን እንዲያውቁ ነው።

ጭንቅላቱ አላነሰም የሚለው ቅሬታ ከተሳሳተ ተስፋ የመጣ ነው። ግፊቱ ሲቀንስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልኩ ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ያደገ አጥንት ግን ተመልሶ አይሰበሰብም። የቀዶ ሕክምናው ግብ የፍጥነቱ መገታት ነው፤ ጭንቅላቱ ባለበት ረጋ ብሎ ሲያድግ አካሉ ከዓመት ወደ ዓመት ይደርስበታል። መታየት ያለበት እንግዲህ በየሳምንቱ የሚጨምረው እንጂ አሁን ያለው ትልቅነት አይደለም፤ ይህንንም በዓይን ግምት ማወቅ አይቻልም። የማይለጠጥ የልብስ ሰፊ ሜትር ይግዙ። ከቅንድቡ በላይ አልፎ በኋላ በኩል ጎላ ብሎ በወጣው የራስ ክፍል ላይ ያዙሩት፤ ሦስት ጊዜ ለክተው ትልቁን ቁጥር ከነቀኑ በደብተር ይጻፉ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ በዚያው ቀን፣ የሚለካውም ያው ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ በየዕለቱ መለካት ጭንቀት ከመጨመር በቀር አይጠቅምም። የጤነኛ ሕፃን ጭንቅላት በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በወር 2 ሴንቲ ሜትር፣ ከዚያ እስከ 6 ወር በወር 1 ሴንቲ ሜትር፣ ከዚያ እስከ ዓመት በወር ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። በአንድ ሳምንት ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ከጨመረ፣ ሌላ ምልክት ባይኖርም እንኳ ይምጡ። በአንድ ወቅት ከክፍለ ሀገር የመጣ አባት እንዲህ ያለ ደብተር ይዞ ገብቶ ነበር፤ ልጁ ስትታይ ደህና ትመስል ነበር፤ ነገር ግን የመጨረሻዎቹ ሦስት ቁጥሮች ቱቦው መቸገሩን በግልጽ ይናገሩ ነበር፤ ምርመራውም አረጋገጠው። ከዚያ ወዲህ ሜትር ሳላስይዝ ወላጅ ወደ ቤት ልኬ አላውቅም።

አንገቱን አለመያዙ ገና ጥያቄ አይደለም። ጤነኛ ሕፃንም አንገቱን አጽንቶ የሚይዘው 4 ወር ገደማ ሲሆነው ነው፤ ከበድ ያለ ጭንቅላት የሚሸከም ልጅ ደግሞ ከዚያ ሊዘገይ ይችላል። ነቅቶ ባለበት ሰዓት፣ እርስዎ እያዩት፣ በቀን ደጋግሞ ለጥቂት ደቂቃ በደረቱ ያስተኙት፤ ሲያንቀላፋ ግን ሁልጊዜ በጀርባው ይሁን። 4 ወር ሲሆነው ወደ ፊዚዮቴራፒ እንዲላክ ይጠይቁ፤ የዓይንና የጆሮ ምርመራም በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ይደረግለት። ልጁ ወደፊት ምን ያህል ይማራል፣ ይሮጣል የሚለውን ከሲቲ ስካን ፊልም ላይ ተነሥቶ የሚተነብይልዎትን ሰው አይመኑ፤ ፊልሙ ላይ ስስ የሚመስለው የአንጎል ክፍል ግፊቱ ሲቀንስ በብዙ ልጆች መልሶ ይወፍራል። የብዙዎቹ ሕይወት ከእኩዮቻቸው ጋር በትምህርት ቤት የሚቀጥል ነው፤ የሌሎቹ ደግሞ ድጋፍ ይሻል። ይህን የሚወስነው የሕመሙ መነሻ፣ ግፊቱ የቆየበት ጊዜና ቱቦው ሲበላሽ በምን ያህል ፍጥነት እንደተደረሰበት ነው።

ጎረቤትዎ የነገሩዎት ሕክምና እውነተኛ ነው። ኢንዶስኮፕ በሚባል ቀጭን የካሜራ መሣሪያ የሦስተኛው ክፍተት ወለል ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይከፈትና ውሃው ጥበቱን አልፎ እንዲፈስ ይደረጋል፤ በሰውነት ውስጥ የሚቀር ባዕድ ነገር የለም። ለመተላለፊያ ጥበት ደግሞ በመሠረቱ ተስማሚ ዘዴ ነው። ለልጅዎ ያልተመረጠበት አንዱ ምክንያት ዕድሜው ሊሆን ይችላል፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቀዳዳው የመዘጋት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ይህን ድክመት ለመቀነስ ውሃ አመንጪውን ሕብረ ሕዋስ በተጨማሪ መተኮስን ያስፋፉት ዶክተር ቤንጃሚን ዋርፍ በኡጋንዳዋ ምባሌ ከተማ ነበሩ፤ ዘዴው ከዚያ ወደ ብዙ አገሮች ደርሷል። እዚያው ኡጋንዳ ውስጥ ከኢንፌክሽን በኋላ ውሃ በተጠራቀመባቸው 100 ሕፃናት ላይ ሁለቱን መንገዶች፣ ማለትም ቱቦንና ኢንዶስኮፕን፣ ያነጻጸረና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፣ ከዓመት በኋላ በልጆቹ የአእምሮ ዕድገት ላይ ጉልህ ልዩነት አላገኘም። የልጅዎ ሕመም ከኢንፌክሽን የመጣ ባለመሆኑ ውጤቱን እንዳለ ልንገለብጠው አንችልም፤ ነገር ግን ቱቦ የተተከለለት ልጅ የተበደለ ነው የሚለውን ሐሳብ ይዘው እንዳይኖሩ ይረዳዎታል። የጎረቤትዎ የእህት ልጅም ቢሆን «ድኗል» ተብሎ ከክትትል መውጣት የለበትም፤ የተከፈተው ቀዳዳ ከዓመታት በኋላም ሊዘጋ ይችላል፤ ምልክቶቹም ከላይ የዘረዘርኳቸው ናቸው። ዛሬ ቱቦው መደፈኑ ከተረጋገጠ፣ ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና በኢንዶስኮፕ ሊሆን ይችል እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅዎ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱን የሚሰጠው ግን ምስሉን ያየው ሐኪም ነው።

ከመደፈን ቀጥሎ የሚፈራው ኢንፌክሽን ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚከሰተው በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ሲሆን፣ መነሻውም በአመዛኙ ቆዳ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ትኩሳት፣ በቱቦው መሥመር ላይ መቅላት ወይም ማበጥ፣ ከቁስሉ ፈሳሽ ወይም መግል መውጣት፣ የሆድ መነፋት፣ ያለ ምክንያት መነጫነጭ ምልክቶቹ ናቸው። እዚህ ላይ አጥብቄ የማስጠነቅቀው ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መስጠትን ነው። ቱቦው ላይ የተጣበቀ ባክቴሪያ በሽሮፕ አይጠፋም፤ ትኩሳቱን ለጥቂት ቀን ዝቅ አድርጎ ሕመሙን ይደብቀዋል፣ ናሙና ሲወሰድም ባክቴሪያው እንዳይገኝ ያደርጋል። እውነተኛው ሕክምና በአብዛኛው ቱቦውን አውጥቶ፣ ልጁን አስተኝቶ በደም ሥር መድኃኒት ሰጥቶ፣ ውሃው ሲጠራ አዲስ ቱቦ መትከል ነው። 3 ወር ያልሞላው ሕፃን ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ሻንት ኖረውም አልኖረው፣ በዚያው ቀን ሐኪም ማየት አለበት። ወንድ ልጅ እንደመሆኑ የቆለጡ ከረጢት ቢያብጥም ይንገሩን፤ ወደ ሆድ የሚወርደው ውሃ በዚያ በኩል መንገድ ሊያገኝ ይችላልና። ከጆሮው በኋላ ከቆዳው ሥር የሚዳሰሰውን እብጠት፣ ማለትም የውሃውን ፍሰት የሚቆጣጠረውን ቫልቩን፣ «እየሠራ ነው ወይ» እያላችሁ አትጫኑት፤ በመጫን የሚገኘው መረጃ ለባለሙያም አሳሳች ነው። በመርፌ ከዚያ ውሃ መቅዳት ደግሞ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ቡድኑ ሥራ ብቻ ነው።

ጥፋቱ የእርስዎ ነው ያሉዎት ሰዎች ሁለት ነገሮችን አደባልቀዋል። ፎሊክ አሲድ የሚከላከለው የህብለ ሰረሰር ቦይ ሳይዘጋ መቅረትን ነው፤ ይህ ቦይ የሚዘጋው በፅንሱ የመጀመሪያ 28 ቀናት ውስጥ፣ ብዙ ሴት ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ ነው። የልጅዎ ጀርባ ደህና ነው፤ የእሱ ሕመም የመተላለፊያ ጥበት ነው፤ ኪኒኑን በ1ኛው ወር ጀምረው ቢሆን ኖሮ ይህ ይቀር ነበር ብሎ ሊነግርዎት የሚችል ሐኪም የለም። በአገራችን ጀርባቸው ክፍት ሆኖ የሚወለዱ ሕፃናት እጅግ ብዙ በመሆናቸው ግን ለሚቀጥለው እርግዝና በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ከማርገዝዎ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድመው ይጀምሩ። በእርስዎ ወገን፣ በእናትዎ ወንድሞች ወይም በእርስዎ ወንድሞች መካከል፣ ጭንቅላቱ ትልቅ ሆኖ የተወለደ ወንድ ልጅ ኖሮ እንደሆነ ይጠይቁ፤ በእናት በኩል ተላልፎ በወንዶች ላይ የሚታይ ያልተለመደ ዓይነት ስላለ፣ ካለ ለሐኪሙ ሊነገር ይገባል። እንዲህ ያለው መረጃ ለሚቀጥለው እርግዝና ክትትል የሚጠቅም ነው፤ ወቀሳ የሚጨመርበት አይደለም።

እናትዎ ቅቤ ይቀባ ያሉት ከፍቅር ነው፤ እኔም ያደግሁት እርግብግቢቴ ቅቤ ተቀብቶ ነው። ለዚህ ልጅ ግን እምቢ ይበሉ። ቱቦውና ቫልቩ ያሉት ስስ ቆዳ ሥር ነው፤ ቅቤው ጠባሳውን ያለሰልሳል፣ አቧራና ባክቴሪያ ይይዛል፣ ማሸቱም ቆዳውን ከቱቦው ጋር ያፋትጋል። ጭንቅላቱን ቅርጽ ለማስያዝ መጫንና መጠፍጠፍም እንዲሁ ይቅር። ቫልቩ ባለበት በኩል ለረጅም ጊዜ አይተኛ። አንገቱን እስኪይዝ በጀርባ አይታዘል፤ በፊት ለፊት፣ ጭንቅላቱን በእጅ ደግፈው ይያዙት። እስከ 6 ወር ከጡት በቀር ውሃም ቢሆን አይስጡት፤ ተቅማጥ ያጠቃው ሕፃን እርግብግቢቱ በውሃ ጥማት ስለሚጎደጉድ፣ የቱቦው ሁኔታ ከውጭ ሲታይ ያሳስታል። በቀዶ ሕክምናው ምክንያት የ6 ሳምንቱ ክትባት አምልጦት ከሆነ ዛሬ ይጠይቁ፤ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጡት ክትባቶች የማጅራት ገትር መንሥኤ ከሆኑ ባክቴሪያዎች አንዳንዶቹን ስለሚከላከሉ፣ ቱቦ ያለው ልጅ ከማንም በላይ ያስፈልጉታል።

ስለ ክርስትናው ጊዜ የሚወስኑት የንስሐ አባትዎ ናቸው፤ እኔ የምመልሰው ስለ ቁስሉ ብቻ ነው። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ደርቆ፣ ቅርፊቱ ተነሥቶ፣ ቆዳው ገጥሞ ከሆነ በጥምቀቱ ውሃ ውስጥ መግባቱ ቱቦውን አይጎዳውም፤ ውሃም ወደ ውስጥ አይገባም። መቅላት ወይም እርጥበት ካለ ይቆይ። የደብረ ብርሃን ከፍታና ብርድም ቢሆን ለቱቦው ችግር አይደለም፤ ችግሩ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ርቀት ነው። አሁን ልጁ ላይ የሚታየው ምልክት በሌሊት ቢባባስ፣ ከአዲስ አበባ ውጭ የሚያልፈው እያንዳንዱ ሰዓት የሚቆጠረው በአንጎሉ ላይ ነው። ምክሬ የማያወላውል ነው፦ በዚህ ወር አይጓዙ። ክርስትናውን እዚሁ በደብራችሁ አስነሡት፤ አያቱ ወደ እናንተ ይምጡ። የዛሬው ምርመራ ቱቦው ደህና መሆኑን ካሳየና የሚቀጥሉት 6 ሳምንታት ቁጥሮች በደብተሩ ላይ ረጋ ብለው ከታዩ፣ ከዚያ በኋላ ወረቀቱንና ፊልሙን ይዛችሁ፣ ሜትሩንም ሳትረሱ፣ አያቱ ዘንድ ሄዳችሁ መሰንበት ትችላላችሁ። ዛሬ ቱቦው የሚቀየር ከሆነ ግን የ6 ሳምንቱ ቆጠራ ከአዲሱ ቀዶ ሕክምና ቀን ይጀምራል።